ቃልሽ የልብሽ ቁልፍ ነው

ልጄ፣

እሑድ ዕለት እናትሽ ከኪዳነ ምሕረት ስትመለስ ደጄ ጎራ ብላ ነበር። አቦሉን ዝም ብላ ጠጣች። ቶናው ላይ ግን የያዛትን ነገር አወጣችው፤ «ወደ መኝታዋ ስገባ ስልኩን ግልብጥ ታደርገዋለች። ምንድን ነው ስላት ‘ምንም’ ትለኛለች» ብላ አንገቷን ደፋች። ተቆጥታ አልነበረም፤ ፈርታ ነበር።

እኔም የምጽፍልሽ ልቆጣሽ አይደለም። በተገለበጠው ስልክ ላይ ምን እንዳለ አላውቅም፤ በግምትም አልወነጅልሽም። አሁን ስድስተኛ ክፍል ነሽ፤ የሚነገርሽን መዝነሽ የምትይዢበት ዕድሜ ላይ ደርሰሻል። ጠመኔ ይዤ ካሳለፍኳቸው ዓመታት፣ አያት ሆኜም ካየሁት ጥቂቱን ላካፍልሽ።

በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ እንጦጦ ላይ ዛሬ የምታዪው መናፈሻ አልነበረም። ከትምህርት ቤት መልስ ከእናቴ ጋር የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ እንለቅም ነበር። መሸት ሲል ጉሙ ከተራራው ይወርዳል፤ ጉሙን ተከትሎ ጅቡ ይመጣል። እናቴ በሩን ሳትቀረቅር እራት አታቀርብም ነበር። «ጅብ የሚፈልገው የተረሳ በር ነው» ትለን ነበር። ሲነጋ ደግሞ ያው በር ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ጎረቤት እሳት ሊጭር ይገባል፤ ቡና ይጠራል። በር ለመዝጋትም ለመክፈትም ነው የተሠራው። ልጅ የሚያድገው ለማን እንደሚከፍት፣ በማን ላይ እንደሚዘጋ ሲያውቅ ነው።

አስተማሪ ሳለሁ ለተማሪዎቼ ሁሉ የምነግራቸው አንድ ታሪክ ነበረኝ፤ የአቡነ ያዕቆብ ታሪክ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1800 ጣሊያን አገር የተወለዱት፣ እኛ አቡነ ያዕቆብ የምንላቸው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ በ1839 አድዋ ሲገቡ ባዕድ ነበሩ፤ ሰውም በጥርጣሬ ነበር የሚያያቸው። ለአገሬው ሰው ባደረጉት የመጀመሪያ ንግግር የተናገሩት ስለ በርና ስለ ቁልፍ ነበር። የልብ በር አፍ እንደሆነ፣ ቁልፉም ቃል እንደሆነ፣ አፋቸውን ከፍተው ሲናገሩም የልባቸውን ቁልፍ ለሚሰማቸው ሰው እያስረከቡ እንደሆነ ነገሯቸው። ንግግሩ ያማረ ነው። እሳቸው የታመኑት ግን ንግግራቸው ስላማረ ብቻ አልነበረም። በ1860 በጉዞ ላይ ሳሉ እስኪያርፉ ድረስ ሃያ ዓመት ያህል የአገሩን ልብስ ለብሰው፣ ቋንቋውን ተምረው፣ ታስረውም ተሰድደውም ከሕዝቡ ጋር ኖሩ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1975 ቅዱስ ብላ ስትጠራቸው፣ ቃላቸውና ኑሯቸው አንድ መሆኑን መስክራለች።

አሁን ወደ ስልክሽ እንመለስ። ስልክሽን የምትከፍቺበትን ቁልፍ በአማርኛ ምን ብለን እንደምንጠራው አስተውለሻል? የይለፍ ቃል እንለዋለን። ዛሬም ቃል ቁልፍ ነው ማለት ነው።

ስልኩን በእጃችሁ ያስገባነው እኛው ትልልቆቹ ነን። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ አንቺ ገና ፊደል እየቆጠርሽ ነበር። ብዙዎቹ የአዲስ አበባ የግልና የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች የቤት ሥራውን በቴሌግራም መላክ ጀመሩ፤ ወላጅም ያለ የሌለ ገንዘቡን አውጥቶ ስልክ ገዛ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ልጆቹ ተመለሱ፤ ስልኩ ግን ከእጃቸው አልወጣም። በሩን ስንከፍትላችሁ መቀርቀሪያውን አላሳየናችሁም። ስለዚህ ዛሬ የምነግርሽ ያኔ ልነግርሽ የሚገባኝን ነው።

ከትንሹ ልጀምር። ቴሌግራምን በሌላ ስልክ ለመክፈት በመልእክት የምትመጣው ባለ 5 አሃዝ ቁጥር ቁልፍ ናት። «በስህተት ወደ አንቺ ተላከብኝ፤ አንብቢልኝ» የሚልሽ ሰው የክፍል ጓደኛሽ ስምና ፎቶ ቢኖረውም ቁልፉን እየለመነሽ ነው፤ ምናልባት የእሷን ቀድሞ ወስዶባት ይሆናል። የእናትሽ ስልክ ላይ ያለው ቴሌብርም የእቁቡና የቤት ኪራዩ ማኅደር ነው፤ የሚስጥር ቁጥሩን ብታውቂው እንኳ ለማንም አትንገሪ። ፎቶም ቁልፍ ነው። የትምህርት ቤቱን ሹራብ ለብሰሽ በሩ ላይ የተነሣሽው ፎቶ፣ ስምሽ ባይጻፍበትም፣ የት እንደምትማሪና በየት በኩል ወደ ሽሮ ሜዳ እንደምትወርጂ ለማያውቅሽ ሰው ይናገራል። ዛሬ ማታ ከእናትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ስልክ ቁጥርሽ ለማንም እንዳይታይ፣ የማታውቂው ሰው ግሩፕ ውስጥ እንዳይከትሽ አድርጉ፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም አብሩት። አሥር ደቂቃ አይፈጅባችሁም።

ቲክቶክም ፌስቡክም 13 ዓመት ያልሞላው ልጅ አካውንት እንዲከፍት አይፈቅዱም። አንቺ 12 ዓመትሽ ነው። ዕድሜሽን ጨምረሽ ከገባሽ፣ በዚያ ደጅ የተናገርሽው የመጀመሪያው ቃል ውሸት ነው። በውሸት በተገባበት ቤት ደግሞ የሚጠብቅሽ ሰው የለም፤ ሁሉም አንቺን እንደ ትልቅ ሰው ነው የሚያይሽ።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። አባቶቻችን «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይላሉ። በሚያውቁት ሰፈር ቁርበት ሊበላ የመጣ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ በማያውቁት ዘንድ ግን እንግዳ ነኝ ብሎ ይቀመጣል። በስልክ የሚመጣውም እንዲሁ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ነኝ ይልሽ ይሆናል፤ ፎቶው የሌላ ሰው ይሆናል። መጀመሪያ ያሞግስሻል። ቀጥሎ ካርድ ይልክልሻል። ከእናትሽ ጋር የተጋጨሽ ዕለት ከሰው ሁሉ አብልጦ ይሰማሻል፤ «እነሱ አይረዱሽም፣ እኔ ነኝ የምረዳሽ» ይልሻል። ከዚያ አንድ ፎቶ ይለምንሻል፤ ከዚያ ሌላ፣ ከበፊቱ የባሰ። በመጨረሻም ቁርበቱ ላይ ከተቀመጠ በኋላ «እምቢ ካልሽ ለትምህርት ቤትሽ እልከዋለሁ» ብሎ ጥርሱን ያሳያል። አቡነ ያዕቆብ ሃያ ዓመት አብረው ኖረው ያገኙትን መታመን፣ ይህ ሰው በሳምንት ሊወስደው ይፈልጋል። ችኮላው ራሱ ምልክት ነው።

ሁለተኛው ምልክት ከሁሉ ይበልጣል፤ «ለማንም እንዳትነግሪ» የሚለው ቃል። ይህን ያለሽ ሰው ካለ፣ በዚያው ቀን ለመናገር በቂ ምክንያት ሰጥቶሻል። ማንም ይሁን። ዘመድ ይሁን፣ አስተማሪ ይሁን፣ ቄስ ይሁን። ቤተ ክርስቲያኔን እወዳታለሁ፤ ስለምወዳትም እውነቱን አልደብቅሽም። በብዙ አገር ልጆች በካህናት እጅ ተበድለዋል፤ የሚያውቁትም ዝም ብለዋል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮ በፈረንጆቹ 2019 ባወጡት ሕግ ካህናትና ገዳማውያን እንዲህ ያለ በደል ሲያውቁ የማሳወቅ ግዴታ እንዳለባቸው፣ እያንዳንዱ ሀገረ ስብከትም አቤቱታ የሚቀበልበት መንገድ እንዲያዘጋጅ አዘዋል። ከልጅ ጋር ምስጢር ይኑረኝ የሚል መብት ያለው ትልቅ ሰው የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። አንቺ የኪዳነ ምሕረት ልጅ ነሽ፣ እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ በሁለታችንም ቤት ግን ለንስሐ አባት በኑዛዜ የተነገረ ነገር ከእሳቸው አይወጣም። ለነፍስሽ መልካም ነው። ነገር ግን ሰው አስፈራርቶሽ ከሆነ በኑዛዜ ብቻ ተናግረሽ አትቅሪ፤ ከኑዛዜ ውጭ ሊያግዝሽ ለሚችል ሰው ንገሪ። ደግሞም ሌላ ሰው የበደለሽን በደል የአንቺ ኃጢአት አድርገሽ አትሸከሚው። ተታለሽ ፎቶ ልከሽ ቢሆን እንኳ፣ የሚያፍረው ያታለለሽ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰብሽ ገንዘብ አትላኪ፤ ሌላ ፎቶ አትላኪ። መልእክቶቹን አታጥፊ፤ ስክሪንሾት አድርገሽ ያዢ፤ ማስረጃ ናቸውና። ከዚያ ሰውየውን ብሎክ አድርጊና ወደ እናትሽ ሂጂ። ከእሷ ጋር ሆናችሁ ወደ ፖሊስ መሄድ ትችላላችሁ። አገራችን በ2008 ዓ.ም. ያወጣችው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ልጅን በስልክ ለብልግና የሚያባብልን፣ የልጅን እንዲህ ያለ ምስል የሚያሰራጭን ሰው እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ሕጉ ከአንቺ ጋር ነው።

ይህ ሁሉ አንቺን ከሌላው ስለመጠበቅ ነው። ሌላውን ከአንቺ ስለመጠበቅም ልንገርሽ፤ በዚህ በኩል እኔም ንጹሕ አይደለሁምና። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የወላጆች ግሩፕ ውስጥ ስለ አንድ መምህር ክፉ የሚናገር የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። ለልጆች ተቆርቁሬ መስሎኝ ሳላጣራ ለሌሎች አስተላለፍኩት። በማግስቱ ሐሰት መሆኑ ታወቀ። የእኔን አጠፋሁት፤ ከእኔ የተቀበሉት ያስተላለፉትን ግን ማን ይሰብስበው? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ለመንኩት። ይቅር አለኝ፤ ሚስቱ ግን ቀና ብላ አላየችኝም። በዚያ ቀን የተማርኩትን በ30 ዓመት ማስተማር አልተማርኩትም።

በክፍላችሁ ግሩፕ ውስጥ የአንዲት ልጅ ፊት ስቲከር ተደርጎ ሲዘዋወር ሁሉም ይስቃል። አስቢው፤ ያቺ ልጅ ስቲከሩን በየቀኑ፣ በየሰዓቱ ታየዋለች። ድሮ ሰው በደጅ ቢሰድበን ቤታችን ገብተን በሩን እንዘጋ ነበር፤ የዛሬ ልጅ ግን ስድቡ አልጋዋ ድረስ ይከተላታል። በኤአይ የጓደኛን ፊት በሌላ ሰው ገላ ላይ መለጠፍም ቀልድ አይደለም። ዛቻና ስም ማጥፋት በዚያው አዋጅ ወንጀል ነው፤ የወንጀል ሕጋችንም ከ9 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ፣ ቅጣቱ እንደ ትልቅ ሰው ባይሆንም፣ ፍርድ ቤት ሊቀርብ እንደሚችል ይደነግጋል። ሕጉን የነገርኩሽ ግን እንድትፈሪ ብቻ አይደለም። ጠዋት በሰልፍ «አባታችን ሆይ» ያለ አፍ ማታ በግሩፕ የጓደኛውን እናት ከሰደበ፣ ጸሎቱ የት ደረሰ?

እምነትን በተመለከተም እንዲሁ ነው። በክፍላችሁ ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩ፣ ሙስሊሙ፣ ፕሮቴስታንቱ በአንድ ዴስክ ተቀምጣችሁ አንድ ዳቦ ትካፈላላችሁ። የሌላውን እምነት የሚያንቋሽሽ ቪዲዮ በስልክሽ ሲመጣ አብራሽ የምትቀመጠው ልጅ እያየችው እንደሆነ አድርገሽ ተመልከቺው። እሷ ፊት የማትዪውን በስልክም አትበዪ፤ ለሌላም አታስተላልፊ። ሃይማኖትሽን የምትጠብቂው የሌላውን በመስደብ አይደለም።

ስልኩን ጥዪው እያልኩሽ አይደለም። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሮም ላይ ቅዱስ ተብሎ የተሰየመው ካርሎ አኩቲስ የኮምፒዩተር ልጅ ነበር። በፈረንጆቹ 2006 በደም ካንሰር ሲያርፍ ገና 15 ዓመቱ ነበር። በየአገሩ ስለተፈጸሙ የቅዱስ ቁርባን ተአምራት ሰብስቦ በድረ ገጽ አኖረ። ጌም ይወድ ነበር፤ ነገር ግን በሳምንት ከአንድ ሰዓት በላይ አልጫወትም ብሎ ራሱን ይገድብ እንደነበር ይነገርለታል። ጌታው እሱ ነበር፤ መሣሪያው ያገለግለው ነበር። አንቺም እራት ላይ ስልኩን ራቅ አድርጊው፤ ስትተኚ በሳሎን ይደር። እናትሽም የእሷን ከአንቺው ስልክ ጎን እንድታስቀምጥ ነግሬያታለሁ፤ ትልቅ ሰው ያላደረገውን ልጅ አያደርገውም።

ሌላም ነግሬያታለሁ። «የሆነውን ሁሉ ስትነግርሽ አትጩሂ፤ ስልኩንም አትንጠቂያት። ከጮኽሽ ሁለተኛ አትነግርሽም» ብያታለሁ። ቃል ገብታልኛለች። እንግዲህ ተራው የአንቺ ነው። ዛሬ ማታ ወደ መኝታሽ ስትገባ ስልኩን አትገልብጪው። የሚያስጨንቅሽ ነገር ካለ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪያት፤ ከሌለም የለም ብለሽ አሳዪያትና እንቅልፍ ስጫት።

እግዚአብሔር ከክፉ ዓይንና ከክፉ ምላስ ይሰውርሽ፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ። ለእናትሽ መናገር ከከበደሽ ወደ እኔ ነይ። ማታ በሬን የምቀረቅረው ለጅብ ነው፤ አንቺ በየትኛውም ሰዓት አንኳኪ፣ እከፍትልሻለሁ።