«ነገ ተመለሱ» የሚለው ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ለዕረፍት ከየዩኒቨርሲቲያችን ወደ ጉደር በተመለስን ቁጥር የማይለወጥ አንድ ወሬ እንሰማለን። ከአምቦ በሚመጣው ሚኒባስ ውስጥ ቢሆን፥ በገበያ ቢሆን፥ ከቅዳሴ በኋላ በዛፉ ጥላ ሥር ቢሆን ነገሩ ያው ነው። «ሄድኩ፥ ኃላፊው ስብሰባ ነው አሉኝ፤ ደገምኩ፥ ኔትወርክ የለም አሉኝ፤ ሠለስኩ፥ ማኅተም ያዡ ወጥቷል፥ ነገ ተመለስ አሉኝ።» በመጨረሻም አንዱ ራሱን ነቅንቆ «ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ የሚሠራ አለ እንዴ?» ይላል፤ ሁሉም ይስቃል። እኛም አብረን ስቀናል። ዛሬ ግን ያንን ጥያቄ ከቀልድነት አውጥተን በቃለ እግዚአብሔር ፊት ልናቀርበው ወደድን።

ወረፋ የዛሬ ሰው ፈጠራ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 እንደምናነበው ሊቀ ነቢያት ሙሴ ለመፍረድ በተቀመጠ ጊዜ ሕዝቡ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ሙሴ ጉቦኛ አልነበረም፤ ሰነፍም አልነበረም፤ ከእግዚአብሔር ጋር የሚነጋገር ሰው ነበር። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ቆሞ ይውል ነበር። ይህን ያየው አማቱ ዮቶር ነው። ዮቶር ሕዝቡን «ታገሡ» አላለም፤ ሙሴንም «ክፉ ነህ» አላለውም። አሠራሩ መልካም አለመሆኑን፥ በዚህ ዓይነት እርሱም ሕዝቡም እንደሚደክሙ ነገረው። ሥራውን የሚችሉ፥ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፥ እውነተኞችና ጉቦን የሚጠሉ ሰዎች መርጦ በሺህ፥ በመቶ፥ በአምሳና በዐሥር ላይ እንዲሾም መከረው። ሙሴም ሰማው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ ቅን ሰው ብቻውን ሥራን አያቃናም፥ ሥርዓት ያስፈልገዋል፤ ሥርዓትም ብቻውን አይበቃም፥ ጉቦን የሚጠላ ሰው ያስፈልገዋል።

አሁን ስለ ራሳችን እንናገር። ባለፈው ክረምት ከአጥቢያችን እናቶች አንዷ፥ ባላቸው ካረፉ በኋላ የቤታቸውን የይዞታ ወረቀት በስማቸው ለማዞር ሲመላለሱ ከረሙ። ማመልከቻውን በአፋን ኦሮሞ የጻፍንላቸው እኛ ነን። በአንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ለአራተኛ ጊዜ ቁጭ ባሉበት ቀን ከመካከላችን አንዱ ለራሱ ጉዳይ ወደዚያው መጣ። ውስጥ አብሮት የተማረ ልጅ ስለ ነበረ በጓሮ በር ገብቶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ደስ ብሎን ተጨባበጥን። እኒያ እናት ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ቀና ብለው «ልጆቼ፥ ተሳካላችሁ? እሰይ፥ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉን።

ቢቆጡን ይሻለን ነበር። ወረፋቸውን የወሰድንባቸው ሰው እንግዳ አልነበሩም፤ ጸበል ጻዲቅ እየሰጡ ያሳደጉን እናት ነበሩ። «መሥሪያ ቤቱ ተበላሽቷል» ስንል የከረምን እኛ በዚያች ግማሽ ሰዓት ራሳችን የመሥሪያ ቤቱ ብልሽት ሆነን ተገኘን። በሳምንቱ ከፈቃድ የተመለሰች አንዲት ሠራተኛ ፋይሉን ገልጣ የጎደለውን አንድ ወረቀት ነገረቻቸው፤ የሚመለሱበትንም ቀን ጽፋ ሰጠቻቸው፤ በተባለውም ቀን በቦታዋ ተገኘች። ጉዳያቸው አለቀ። የክረምቱ መመላለስ ሁሉ መፍትሔው በግልጽ የተነገረ አንድ ቃልና የተከበረ አንድ ቀጠሮ ነበር።

ይህ ትንሽ ነገር ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ያየነው ታሪክ ግን ትንሽ አይደለም ይለናል። በኅዳር ወር 2008 ዓ.ም. ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በጊንጪ ተማሪዎች ስለ ደንና ስለ ኳስ ሜዳ ተቃውሞ አነሡ። ቁጣው ከአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ጋር ተያይዞ በመላው ኦሮሚያ ተዛመተ። በዚሁ ማስተር ፕላን ምክንያት በ2006 ዓ.ም. በአምቦ የወጣቶች ደም ፈስሶ ነበር። ዕቅዱ በጥር ወር 2008 ዓ.ም. መሰረዙ ሲነገር ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ቀብረው ነበር። የፖለቲካውን ክርክር እዚህ አናነሣም። አንድ ነገር ብቻ እንላለን፤ የሰው አቤቱታ በለጋነቱ ሰሚ ቢያገኝ ኖሮ የስንቱ ወጣት ነፍስ በተረፈ!

ታዲያ የሚሠራ አለን? አዎን፥ አለ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረውን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እንመልከት። ዐሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ልጆች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ ሁለት ሁለት ሆነው በየገጠር ቀበሌው ተመደቡ። እነርሱ «ነገ ተመለሱ» አላሉም፤ ራሳቸው ወደ ሰው ደጅ ሄዱ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። በዚህ ክትባቱም፥ አጎበሩም፥ መንገዱም፥ ትምህርቱም ድርሻ አላቸው፤ የእነዚያ እኅቶች እግር ግን የማይረሳ ድርሻ አለው። በ1938 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድም የመንግሥት ነው። ንጉሡ ሄደው ደርግ ሲመጣ፥ ደርግም ሄዶ ሌላ ሲመጣ እርሱ መብረሩን አልተወም። አብራሪው ሺህ ጊዜ የበረረ ቢሆንም ከመነሣቱ በፊት የምርመራውን ዝርዝር አንድ በአንድ ይከተላል።

እነዚህ ጉድለት የለባቸውም አንልም። ነገር ግን ሁለቱን የሚያመሳስል ነገር አለ፤ ሥራቸው ይቆጠራል፥ ያልተሠራውም ይታያል። ያልተከተበ ሕፃን በመዝገቡ ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል፤ ያልተነሣ አውሮፕላን ለሁሉ ይታያል። በደጃፍ ድንጋይ ላይ የተቀመጠች ባልቴት ግን በየትኛው መዝገብ ላይ ተጽፋለች? መንግሥትም ይህን ችግር ያውቀዋል። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ተቋቁሟል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ ጉዳይ በአንድ ጣራ ሥር የሚያልቅበት «መሶብ» የተባለ አገልግሎት በአዲስ አበባ ተከፍቷል። ስማቸው ደስ ይላል። እንባን የሚጠብቅ ግን ስም ሳይሆን ሰው ነው፤ መሶብም ቢሆን በጓሮ ገብቶ የሚጎርስ ካለበት ወረፋ ለያዘው አይተርፍም።

በዚህ ነገር ቤተ ክርስቲያንም ተፈትናለች። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው በዕለቱ የምግብ እደላ ጊዜ ከግሪክ አገር የመጡት አይሁድ ባልቴቶች ይዘነጉባቸው ስለ ነበር ሕዝቡ አንጎራጎረ። ሐዋርያት የሚያንጎራጉሩትን «ሐሜተኞች» ብለው አላባረሩም፤ ቅሬታውን ሰምተው መልካም ምስክርነት ያላቸው ሰባት ዲያቆናት አስመረጡ። የተመረጡትም ስማቸው የግሪክ ስም ነው፤ እንግዲህ ሥራው ከተበደሉት ወገን ለሆኑ ሰዎች የተሰጠ ይመስላል። ከእነዚያ ከሰባቱ አንዱ ቀዳሜ ሰማዕት ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። ሰማዕትነቱ የጀመረው ለባልቴቶች እንጀራ በትክክል ከማደል ነው ብንል አንሳሳትም።

እኛስ? ሳቃችን እዚህ ላይ ያበቃል። የሰንበት ትምህርት ቤታችን የመጻሕፍት ቁም ሣጥን ቁልፉ እኛው ዘንድ ነው፤ መጽሐፍ ሊዋስ የመጣ ሕፃንም «ቁልፍ ያዡ የለም» ተብሎ ስንት ጊዜ ተመልሷል! ከጥቂት ዓመት በኋላም ከእኛ መካከል አንዱ በመሬት ቢሮ፥ አንዷ በጤና ጣቢያ፥ ሌላው በፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል ይቀመጣል። «ነገ ተመለሱ» የሚለው ሰው ከሌላ አገር አይመጣም፤ ከዚሁ ከእኛ አግዳሚ ወንበር ይነሣል።

ስለዚህ በአንድነት ሦስት ነገር ተስማምተናል፤ እናንተም አብራችሁን ሁኑ። አንደኛ፥ ሌላ ሰው ወረፋ በያዘበት በጓሮ በር አንገባም። ሁለተኛ፥ ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በበሩ አጠገብ ጠረጴዛ ይዘን ማመልከቻ ለሚያስፈልገው ሁሉ በነጻ እንጽፋለን፤ መቼ እንደ ሄደ፥ ምን እንደ ተባለ በደብተር እንመዘግባለን፤ ደብተሩንም ከሽማግሌዎች ጋር ሆነን ለሚመለከተው ኃላፊ በአክብሮት እናሳያለን። ያን ጊዜ ባልቴቲቱ በአንድ መዝገብ ላይ ትጻፋለች። ሦስተኛ፥ እኛ በጠረጴዛው ማዶ የተቀመጥን ዕለት የጎደለውን በአንድ ጊዜ እንናገራለን፤ ቀን ከሰጠንም በዚያ ቀን እንገኛለን።

በጸሎታችን «አቤቱ» ብለን ስንጮኽ እግዚአብሔር «ነገ ተመለሱ» ብሎን አያውቅም። እኛም አቤት የሚለንን ሰው ቀና ብለን የምናይበትን ልብ እርሱ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።