ጥፋቱን የተናገረ ይቀጣ?

እስቲ አንድ ነገር እናስብ። አንድ የበረራ ተማሪ ያለ አስተማሪ ለብቻው መብረር ከጀመረ ጥቂት ቀናት ሆኖታል። የሚበርበት አውሮፕላን ባለ አንድ ሞተር ሴስና 172 ነው። ሊያርፍ ሲል ፍጥነቱ በዛበት፤ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ዝቅ እንዳለ የፊት ጎማው ቀድሞ መሬት መታ። አውሮፕላኑ ነጠረ፣ ደግሞ መታ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ሄደ። ተማሪው መቆሚያው ድረስ ነድቶ ወረደና ዞሮ ተመለከተ። ጎማው አልፈነዳም፤ የተሰበረ ነገር አይታይም። ያየው ሰውም የለም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌላ ተማሪ በዚያው አውሮፕላን ይነሣል።

ይናገር ወይስ ዝም ይበል?

“ይናገር እንጂ!” ማለት ለእኛ ቀላል ነው። እርሱ ግን ከተናገረ ለብቻው እንዳይበር ሊታገድ፣ የጥገናውን ወጪ ሊጠየቅ፣ ከጓደኞቹ ኋላ ሊቀር ይችላል። ቤተ ሰቡ ተበድሮ እያስተማረው ከሆነ ደግሞ ሸክሙ ይብሳል። በሌላ በኩል፣ በዚህ አውሮፕላን የፊት ጎማው የሚታሰረው ሞተሩን ከሰው መቀመጫ በሚለየው ግድግዳ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ምት ያንን ግድግዳ ሊያጣምመው ይችላል፤ ጉዳቱ ግን ከውጭ ቆሞ ለሚያይ ላይታይ ይችላል። የሚያገኘው ሽፋኑን ከፍቶ የሚመረምር መካኒክ ነው፤ መካኒኩ እንዲከፍት ደግሞ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። እንግዲህ ተማሪው የያዘው ምስጢር የእርሱ ብቻ አይደለም። ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ሕይወት በውስጡ አለ፤ ያ ሰው ደግሞ በሕይወቱ ላይ ሲወሰን አልተጠየቀም። ስለዚህ ዋጋ ቢያስከፍለውም መናገር አለበት።

ስለ ተናጋሪው ይህን ካልን፣ ስለ ሰሚውስ ምን እንላለን? ትምህርት ቤቱ ተማሪውን ምን ያድርገው?

እዚህ ላይ በአሜሪካ የሆነ አንድ ታሪክ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1974 ዓ.ም. በዋሽንግተን አቅራቢያ ወዳለው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ይቃረብ የነበረ የቲ.ደብሊው.ኤ. ቦይንግ 727 ከአንድ የቨርጂኒያ ተራራ ጋር ተጋጭቶ የነበሩበት 92 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። የመቃረብ ፈቃድ ሲሰጣቸው አብራሪዎቹ ዝቅ ማለት እንደሚችሉ ተረድተው ነበር፤ ቃሉ ለእነርሱና መሬት ላይ ላለው ተቆጣጣሪ አንድ ትርጉም አልነበረውም። የሚያሳዝነው፣ ስድስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ የሌላ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው ስፍራ በዚያው አለመግባባት ከአደጋ ለጥቂት ተርፈው ነበር። እነርሱም ለድርጅታቸው ተናገሩ፤ ድርጅታቸውም የራሱን አብራሪዎች አስጠነቀቀ። ማስጠንቀቂያው ግን ለሌሎቹ አልደረሰም።

ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. አንድ አዲስ አሠራር ተጀመረ። አብራሪ፣ ተማሪም ቢሆን፣ የገጠመውን ወይም ያጠፋውን ጽፎ የሚልከው ለሚቀጣው መሥሪያ ቤት ሳይሆን ለናሳ ነው። ናሳም ስሙን አጥፍቶ ትምህርቱን ለሌሎች ያካፍላል። በ10 ቀን ውስጥ የጻፈ ሰው፣ ደንብ መጣሱ ቢረጋገጥ እንኳ ከቅጣት ሊድን ይችላል። ሆን ብሎ ያጠፋ ወይም ወንጀል የፈጸመ ግን በዚህ ከለላ አይሸፈንም።

“ያጠፋ ሰው ሳይቀጣ ካለፈ ፍትሕ የት አለ?” የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በድሮው አውጫጭኝ የአገሩ ሰው በአንድነት ተሰብስቦ ይቀመጥና ወንጀለኛው እስኪወጣ ይመረመር ነበር። ጥያቄው “ማን ነው?” የሚል ነበር። ለሌባና ለነፍሰ ገዳይ ይህ ጥያቄ የግድ ነው። እጁ ለከዳው ተማሪ ግን ሌላ ጥያቄ ይቀድማል፤ “ምን ተበላሸ? ነገስ ማንን ይጎዳል?” የሚል። የመጀመሪያውን ተናጋሪ ስንቀጣ ሁለተኛው ዝምታን ይማራል። ሲተርቱ “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይላሉ፤ በሽታውን በተናገረ ቁጥር የሚገረፍ ሰው ግን ቢደብቅ ምን ይገርማል?

ይህ ማለት ጥፋት ያለ ዋጋ ይለፍ ማለት አይደለም። ተማሪው ከአስተማሪው ጋር ተመልሶ ማረፍን ደጋግሞ ይለማመድ፤ ለብቻው የሚበርበት ቀንም ይራዘም። ይህ እርማት ነው። እርማት ሰውየው ነገ ደኅና ሆኖ እንዲበር ያዘጋጀዋል፤ በጓደኞቹ ፊት ማዋረድና ማባረር ግን የሚያስተምረው ሁለተኛ እንዳይናገር ነው።

ነገር ግን ከለላን ብቻ የሚጠብቅ እውነተኛነትም ይጎድለዋል። ስም የማይገለጥበት ደብዳቤ ለሩቅ ሰው ትምህርት ይሆናል እንጂ ያንን አንድ አውሮፕላን ከአንድ ሰዓት በኋላ ከመነሣት አያግደውም። እርሱን የሚያግደው ፊት ለፊት ቆሞ “እኔ ነኝ፤ እንዲህ ሆኗል” የሚል ሰው ነው። የሚቀበለው ትምህርት ቤት መሐሪ ይሁን ጨካኝ፣ የተማሪው ግዴታ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ግዴታውን ለመወጣት የሚጠይቀው ድፍረት ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ተናጋሪ ብትሆን ነገ ሰሚ ትሆናለህ፤ አስተማሪ፣ አለቃ፣ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት፣ ወላጅ። አንድ ቀን አንድ ሰው እየተንቀጠቀጠ መጥቶ ማንም ያላየውን ጥፋቱን ይነግርሃል። በዚያች ደቂቃ የምትሰጠው መልስ ለእርሱ ብቻ አይደለም፤ በር ላይ ቆመው ምን እንደምትል የሚሰሙ ሌሎችም አሉ።