«እንዲህ ያለ ሰላት ምን ይጠቅመኛል?»

 

ወንድሜ፣ እህቴ፤ የአሰላን የፈጅር ብርድ ታውቁታላችሁ። ከጭላሎ የወረደው ቅዝቃዜ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል። እንደምንም ተነስተህ በዚያ ውሃ ውዱእ ታደርጋለህ። «አላሁ አክበር» ካልክ በኋላ ግን ልብህ የለም። ያልመለስከው መልእክት፣ የፈተናው ውጤት፣ የተጣላኸው ጓደኛ ይመጣሉ። አንድ ረከዓ ሰገድክ ወይስ ሁለት? ጠፋብህ።

ከዚያ ያቺ ጥያቄ ትመጣለች፤ «እንዲህ ያለ ሰላት ምን ይጠቅመኛል?» ሰላት የሚተው ሁሉ በክህደት አይተውም። በዚህች ጥያቄ ቀስ በቀስ የሚተውም አለ፤ መጀመሪያ ፈጅር፣ ከዚያ ዐስር።

የአንተ ብቻ ነውር አይምሰልህ። ቡድሂስቶች ልብን የሚጋርዱ አምስት ነገሮች ይቆጥራሉ፦ የስሜት ምኞት፣ ቂም፣ ድብታ፣ መቁነጥነጥና ጥርጣሬ። በሂንዱዎች ዘንድ ፓታንጃሊ በ«ዮጋ ሱትራ» ዘጠኝ መሰናክሎች ዘርዝሯል፤ መጀመሪያ ያስቀመጠው በሽታን ነው። (እውነቱን ነው፤ ሌሊቱን ስልክ ላይ ያነጋ ሰው ልቡ ቢበተን ምን ይገርማል?) መንገዳቸው ከተውሒድ የራቀ ነው፤ የሰው ልብ ግን ያው የሰው ልብ ነው።

ሰሓባውም ገጥሟቸዋል። ዑስማን ኢብን አቢል ዓስ (ረ.ዐ) ሸይጧን በሰላታቸውና በቂርአታቸው መካከል እየገባ እንደሚያምታታባቸው ለነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) አመለከቱ። ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ነቢዩ ሙናፊቅ አላሏቸውም፤ ሰላቱን ተወውም አላሏቸውም። የዚያ ሸይጧን ስሙ ኺንዘብ መሆኑን ነገሯቸው፤ ሲሰማቸው በአላህ እንዲጠበቁና ወደ ግራቸው ሦስት ጊዜ ትፍ እንዲሉ አዘዟቸው። አደረጉት፤ ተወገደላቸው።

ለቁጥሩም መፍትሔ አለው። በሻፊዒይ መዝሀብ አንድ ይሁን ሁለት ካልለየህ አንድ ብለህ ትቀጥላለህ፤ ከማሰላመትህ በፊት የመርሳት ሱጁድ ትወርዳለህ። ካሰላመትክ በኋላ ለመጣ የረከዓ ጥርጣሬ ጆሮ አትስጠው። ክንዷን አምስቴ ስድስቴ እያጠበች በብርድ የምትንቀጠቀጠው እህቴም፤ ሦስት ይበቃሻል። ከዚያ በላይ ያለው ጥንቃቄ አይደለም፣ ወስዋስ ነው።

ዛሬ ኹጥባው ላይ ሐሳብህ ገበያ ቢወጣ፣ መውጣቱን ባወቅክባት ቅጽበት መልሰው። አሥሬ ቢወጣ አሥሬ። ስልኩን ግን ቤት ተወው።