ማንም ሳያይህ የምትደፋው



የምትበላው ሰላጣ የት እንደበቀለ ጠይቀህ ታውቃለህ? አዲስ አበባ ገበያ ከሚገባው ቅጠላ ቅጠል ከፊሉ የሚለማው በአቃቂ ወንዝ ውሃ ነው። የፋብሪካ ፍሳሽና የጋራዥ ዘይትም እዚያው ወንዝ ይገባል። ተመራማሪዎች በአካባቢው አፈርና አትክልት ውስጥ ካድሚየም፣ እርሳስና ክሮሚየም በተደጋጋሚ አግኝተዋል። እነዚህ ብረቶች እንደ ሙዝ ልጣጭ በስብሰው አይጠፉም።

አላህ (ሱ.ወ) ግን ለተክል አፈር ውስጥ ወዳጅ አኑሮለታል። ማይኮራይዛ ይባላል፤ ከሥር ጋር አብሮ የሚኖር ፈንገስ ነው። ከፀጉር የቀጠኑ ክሮቹ ሥሩ ወደማይደርስበት ተዘርግተው ፎስፈረስ ያመጡለታል። ተክሉም ያዘጋጀውን ስኳር ያካፍላቸዋል። ይህ ወዳጅነት ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆናቸው የተክል ቅሪቶች ላይ ሳይቀር ታይቷል። አፈሩ ሲመረዝ ደግሞ ፈንገሱ ከብረቱ የተወሰነውን በራሱ ክሮች ላይ ይይዘዋል፤ ብዙ ጊዜም ወደ ቅጠል የሚወጣው ይቀንሳል።

ሱብሓነላህ! ማንም አያየውም፣ ማንም አያመሰግነውም፤ ሥራውን ግን ይሠራል።

"እንግዲያው መድኃኒቱ ካለ ምን አስጨነቀን?" እንዳትል። ፈንገሱ መርዙን ይይዛል እንጂ አያጠፋውም። ውጤቱም እንደ ብረቱና እንደ ተክሉ ይለያያል። ፎስፈረስ ያለው ማዳበሪያ ያለልክ ሲበዛ፣ መሬቱም እየተደጋገመ ሲገለባበጥ ይዳከማል። ጎመንና ቆስጣ ደግሞ ከነጭራሹ ከእሱ ጋር አይወዳጁም። በየወንዙ ዳር የምናየው ግን እነሱኑ ነው!

ስለዚህ ዋናው ሰበብ ያለው ከላይ፣ ከሚደፋው እጅ ላይ ነው። ቁርኣን ምድር ከተስተካከለች በኋላ እንዳናበላሻት ከልክሎናል። ወንድሜ፣ የተቃጠለ ዘይት ቱቦ ውስጥ ስትደፋ "ማን አየኝ?" ትል ይሆናል። ፈንገሱ ማንም ሳያየው ይጠቅማል፤ አንተ ማንም ሳያይህ ትጎዳለህ?

የሰው ሐቅ ከባድ ነው። ጎረቤትህን ብትበድል በሩን አንኳኩተህ "አውፍ በለኝ" ትለዋለህ። ያንን ሰላጣ የበላችውን ነፍሰ ጡር፣ ያንን ሕፃን ግን የት ታገኛቸዋለህ?

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። የምትሠሩበት ቦታ ቆሻሻው የት እንደሚደፋ ጠይቁ፤ ወንዝ ውስጥ ከሆነ ዝም አትበሉ። ግብርና የምትማሩ ደግሞ ኒያችሁን አሳምሩና ይህን ዕውቀት ለገበሬው አድርሱለት። ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ የተመገበለት ተክል ለተካዩ ሶደቃ እንደሚሆንለት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ከመርዝ የተጠበቀ ሶደቃ ይሁንላችሁ።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና ንጹሕ ያድርግልን፤ በእጃችን የሰው ሐቅ ይዘን እሱ ፊት ከመቆም ይጠብቀን። አሚን!

ሰለዋት ማብዛትን አትርሱ። ጁምዓ ሙባረክ!