ምላጩን ማን አየው?

ፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ራሱን ወደ ኋላ ጣል አድርጎ ጉሮሮውን ይሰጣል። ምላጭ ይዞ አጠገቡ የቆመው ሰው ዘመዱም ወዳጁም ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት ስሙን እንኳ አያውቀውም። የሚከፍለው ጥቂት ብር ነው፤ የሚሰጠው አደራ ግን ከክፍያው ጋር አይመጣጠንም። ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሳል። ባለሙያው ለደንበኛው ያለበት ግዴታ ጢሙን በወጉ መላጨት ብቻ ነው? ወይስ ደንበኛው ሊያየውና ሊቆጣጠረው የማይችለውንም ይጨምራል?

ነገሩን በአንዲት ተራ ዕቃ፣ በምላጭ መሳያ ቆዳ እንመልከተው። በዱሮው ታጣፊ ምላጭ የሚሠራ ሰው ድንጋይና ቆዳ ያስፈልጉታል። ድንጋዩ ብረቱን ፍቆ አዲስ ስለት ያወጣል። ቆዳው ግን በመላጨት ብዛት የተጣመመውን፣ ዐይን የማያየውን የስለት ጠርዝ ያቃናል። ድንጋዩ አልፎ አልፎ ይበቃል፤ ቆዳው ከእያንዳንዱ መላጨት በፊት ይፈለጋል።

ሲመረጥ ውፍረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል፣ ፊቱ ለስላሳ፣ ጠባሳና ስንጥቅ የሌለበት ይሁን። ሲሳልበትም በደንብ ይወጠር፤ ከረገበ ጠርዙን ያዶለዱመዋል። ምላጩ ጀርባው እየመራ፣ ስለቱ ከኋላ እየተከተለ ይሳባል፤ ጫፍ ሲደርስ በጀርባው ይገለበጣል እንጂ በስለቱ አይዞርም። መጫን አያስፈልግም። ዝናብና እርጥበት በሚበዛበት በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጨመራል፤ ብረቱ እንዳይዝግ ተወልውሎ ዘይት በስሱ ይቀባል፣ ቆዳው እንዳይሻግት ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀላል።

ይህን ሁሉ ደንበኛው አያይም። ባለሙያው ሰንፎ ቢዘለውና ፊቱ ቢለበለብ «ቆዳዬ ምላጭ አይስማማውም» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ያልተሠራ ሥራ ምስክር የለውም፤ ውስጡን ለቄስ ነው።

«ይህ ያለፈ ዘመን ወግ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። የጊሌት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1903 ተጥሎ የሚተካ ምላጭ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ መሳያው ቆዳ ከብዙ ቤት ወጥቷል። በአገራችን የኤድስ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1986 ከታወቁ በኋላ ደግሞ ደም የነካ ምላጭ ለሌላ ሰው ማዋል አስፈሪ ሆነ። ምላጭ ቢቀቀል እንኳ ቆዳ አይቀቀልም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ ይሁን መባሉ ትክክል ነው፤ በዚህ የሚያዝን ካለ ዕቃን ከሰው አስበልጧል።

ይሁን እንጂ አዲሱ ምላጭ ከወረቀቱ ፊታችን ቢወጣም መያዣው፣ ፎጣው፣ የባለሙያው እጅስ? አደራው ቦታ ለወጠ እንጂ አልቀረም። ሮማዊው ሲሴሮ እንደጻፈው የሲራኩሱ አምባገነን ዲዮኒስዮስ ፀጉር አስተካካይ ስለማያምን ሴት ልጆቹን መላጨት አስተማራቸው። ሲያድጉ እነሱንም ፈራ፤ ምላጩን ነጥቆ ጢሙን በጋለ የገውዝ ፍሬ ቅርፊት እንዲለበልቡለት አደረገ። ማንንም ሳያምን ለመኖር የሞከረ ሰው መጨረሻው ይኸው ነው።

ነገሩ በጢም አያበቃም። አዲስ አበባ ላይ ስኒ የሚያነሳ ሰው የቴፒዋ ቡና ለቃሚ ቀዩን ከአረንጓዴው መለየቷን፣ በአልጋ ላይ የተሰጣው ቡና ዝናብ ሲመጣ መሸፈኑን አላየም። ጉድለት ካለ ምላሱ ይነግረው ይሆናል፤ በማን እጅ እንደጎደለ ግን አይነግረውም።

ቁጥጥርና ቅጣት አያስፈልጉም ማለት አይደለም። ነገር ግን በየወንበሩ አጠገብ፣ በየቡናው እግር ሥር ተቆጣጣሪ ማቆም አይቻልም፤ ቢቻልም ተቆጣጣሪውን ማን ይቆጣጠረዋል? እንግዲህ ደንበኛው የማያየው ሥራ በግዴታው ላይ የሚጨመር ምርቃት አይደለም፤ የግዴታው እምብርት ነው። አንገቱን በአደራ የሰጠው ዐይኑ የማይደርስበት ነገር ስላለ ነውና። የሚያየውንማ ራሱ ይጠብቀው ነበር።