የተሰጠንን ፈቃድ ትተን ያልተሰጠንን ወሰድን



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የሆድ ጉዳይ ይመስላል። «ስንት የሚጻፍበት ነገር እያለ ስለ ምግብ!» የምትሉም አትጠፉም። ጥያቄው ይህ ነው፦ ክብደቱን ለመቀነስ ወይም በደሙ ውስጥ ያለውን ስኳር ለመቆጣጠር ምግቡን መጥኖ የሚኖር ሰው በሳምንት አንድ ቀን፣ አለዚያም በዓል በመጣ ቁጥር፣ ለራሱ ፈቃድ ሰጥቶ ያሻውን ቢበላ ተገቢ ነውን? ጥያቄው የሆድ ብቻ አለመሆኑን የተማርኩት በትውልድ አገሬ በአርቦዬ፣ በአባቴ ጓዳ፣ በዒድ ሌሊት ነው።

አርቦዬ የአርሲዋ ጀጁ ወረዳ ከተማ ናት። በአርሲ ምድር ገብስና ቅቤ ያላቸውን ክብር ለሚያውቅ ሰው ስለ ጭኮ ብዙ መናገር አያሻኝም። ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ቅመም በገባበት ንጥር ቅቤ ሲታሽ የሚገኘው ይህ ምግብ ለክቡር እንግዳና ለበዓል የሚቀርብ ነው። በእኛ ቤት ጭኮ የሌለበት ዒድ ዒድ አይባልም።

ነገሩ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አባቴ የስኳር ሕመም እንዳለበት ከታወቀ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ረመዷን ሲቃረብ ሐኪሙ እንዳይፆም መከረው። አባቴ ግን «ከልጅነቴ ጀምሮ ያላስታጎልኩትን ፆም አሁን ስኳር የሚሉት ነገር ሊያስፈታኝ ነው?» ብሎ ወሩን ሙሉ ፆመ። እኛም ልጆቹ በልባችን እየፈራን በአፋችን «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ ብርቱ ሰው ነው!» እያልን አወደስነው። የዒድ አል-ፊጥር ቀን ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። እናቴ፣ እህቶቼና እኔ ተማክረን በዙሪያው ዘብ ቆምን። ጭኮውን ከፊቱ አነሳን። ሻዩን ያለ ስኳር አቀረብንለት። እርሱም አንዲት ቃል ሳይናገር ከሶላት በኋላ ጎረቤት ሊጠይቅ ወጣ። አብሮት የዞረው የእህቴ ልጅ ኋላ እንደነገረን ዘጠኝ ቤት ገብተዋል፤ በዘጠኙም ቤት ሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ ጠጥቷል።

ሌሊት ውኃ ልጠጣ ተነስቼ ጓዳ ስገባ አባቴን አገኘሁት። መብራት አላበራም። ከተከደነው ዕቃ ጭኮ በእጁ እየዘገነ ይበላል። ሲያየኝ እጁን ከጋቢው ሥር ደበቀና «ልጄ፣ ለእናትህ አትንገር» አለኝ። ስንት ሰው አብልቶ ያሳደረ አባወራ በገዛ ጓዳው ሌባ ሆኖ ቆመ። ከማፈሬ የተነሳ ውኃዬንም ሳልጠጣ ተመለስኩ። በማግስቱ ራሱን ስለሳተ ወደ ሐኪም ቤት ስናደርሰው የደሙ ስኳር ከ400 በላይ ሆኖ ተገኘ። አልሐምዱሊላህ፣ ከቀናት በኋላ ድኖ ወጣ።

ውድ አንባቢያን፣ በአባቴ ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም፤ የእኔን ጉድ ላስቀድም። በዚያው ዘመን እኔ አዲስ አበባ ውስጥ 94 ኪሎ ደርሼ ምግቤን መመጠን ጀምሬ ነበር። ስድስት ቀን እቆጥባለሁ፣ ጁሙዓ ግን የሳምንቱ ዒድ ናትና ነፃ ቀኔ ትሁን ብዬ ወሰንኩ። ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ፣ በእኛ አቆጣጠር ሌሊቱ ከቀኑ ይቀድማልና ጁሙዓ የምትገባው ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ መሆኑን አስታወስኩ። ስለዚህ የሐሙስ እራቴ ነፃ ሆነ። ከዚያም የተረፈ ምግብ መጣል ኢስራፍ ነው በሚል ሰበብ የቅዳሜ ቁርሴም ነፃ ወጣ። ነፍስ ለፍላጎቷ ማስረጃ ስትፈልግ ፊቅሂ የተማረ ሰው እንኳ አይቀድማትም!

ሒሳቡንም እንየው። አንድ ሰው በየቀኑ ሰውነቱ ከሚያስፈልገው 500 ካሎሪ ቀንሶ ቢበላ በስድስት ቀን የሚያተርፈው 3000 ነው። 100 ግራም ንጥር ቅቤ ወደ 900 ካሎሪ አለው። በአንድ ነፃ ቀን ጭኮ፣ ጥብስ፣ ጣፋጭና ለስላሳ መጠጥ ሲደራረቡ የስድስት ቀኑ ድካም በአንድ ቀን ሊበላ ይችላል። የእኔም ክብደት ለወራት ከ94 ያልወረደው በዚህ ምክንያት ነበር።

ታዲያ ነፃ ቀን የሚባለውን ነገር ፈጽሞ መዝጋት ነው መፍትሔው? እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ እውነት አለ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ 36 ፈቃደኛ ወጣቶች ለ24 ሳምንታት ምግባቸው እጅግ ተቀንሶ ጥናት ተደርጎባቸው ነበር። በረሃቡ ወራት ሐሳባቸውም ወሬያቸውም ምግብ ብቻ ሆነ። ገደቡ ከተነሳ በኋላም አንዳንዶቹ ሆዳቸው ሞልቶ እንኳ መብላት ማቆም አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ1975 ሄርማንና ማክ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ደግሞ የበለጠ ያስደንቃል። ለተማሪዎች መጀመሪያ ሚልክ ሼክ አጠጧቸው፣ ቀጥሎ አይስክሬም አቀረቡላቸው። በምግባቸው ላይ ገደብ የማያደርጉት ሚልክ ሼኩን ስለጠጡ አይስክሬሙን ቀነሱ። ምግባቸውን አጥብቀው የሚቆጣጠሩት ግን ሚልክ ሼኩን ከጠጡ በኋላ አይስክሬሙን ጨምረው በሉ። ለምን ቢባል፣ አጥሩ አንዴ ከፈረሰ ወዲያ የሚጠብቁት ነገር እንደሌለ ቆጥረውት ነው። አገራችን ለዚህ ጥሩ ተረት አላት፤ «ከዘነበ ወዲያ ጭራሮ ለቀማ» ይባላል። በዘጠነኛው ቤት ዘጠነኛውን ሻይ የሚጠጣ ሰው ከስምንተኛው በኋላ ምን የቀረው ነገር አለ ብሎ ያስባል?

እንግዲህ ዝግ በር ይሰበራል፤ ወለል ብሎ የተከፈተ በርም ማንንም አይጠብቅም። ለዚህ ዲናችን ምን መንገድ አሳየን?

አንደኛ፣ መብላትና መጠጣትን ፈቅዶ ወሰን ማለፍን የሚከለክለውን የሱረቱል አዕራፍ 31ኛ አንቀጽ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለተኛ፣ በሁለቱ ዒዶች መፆም ክልክል ነው። ሙእሚን የፈለገውን ያህል ቢበረታ በዚያን ቀን ብርታቱን እንዲያስቀምጥ ታዟል። የደስታ ቀን የደካሞች ማምለጫ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልታዘዘ ነበር። ሦስተኛ፣ የዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ.) ታሪክ አለ። ይህ ወጣት ሰሐባ ቀኑን ሁሉ እየፆመ ሌሊቱን ሁሉ ይቆም ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲሰሙ አካሉ በእርሱ ላይ ሐቅ እንዳለው ነግረውት በወር ሦስት ቀን እንዲፆም መከሩት። እርሱ ግን ከዚያ በላይ እችላለሁ እያለ ሲከራከር በመጨረሻ የነቢዩ ዳውድን (ዐ.ሰ.) ፆም ፈቀዱለት፤ አንድ ቀን ፆሞ አንድ ቀን ማፍጠር ማለት ነው። ዓመታት አለፉ። ዐብዱላህ አረጀ፣ ከበደው። በእርጅናውም የነቢዩን ሩኽሳ ያኔ ተቀብዬ በሆነ እያለ ይመኝ እንደነበር በሐዲስ ተላልፎልናል።

ይህን ታሪክ ደጋግሜ ሳስበው ነው የአባቴና የእኔ ስህተት አንድ መሆኑ የታየኝ። አላህ (ሱ.ወ.) ለታመመ ሰው በረመዷን እንዳይፆም ፈቃድ ሰጥቶታል። አባቴ ያንን ፈቃድ «ለደካሞች ነው» ብሎ መለሰው። በዒድ ቀን ግን ማንም ያልሰጠውን፣ ራሱን የመጉዳት ፈቃድ፣ ለራሱ ሰጠ። የተሰጠውን ትቶ ያልተሰጠውን ወሰደ። እኔም ብሆን በአዘቦቱ ቀን ልከኛ ምግብ በልቶ በሰላም የማደር ፈቃድ ነበረኝ። ያንን ንቄ ስድስት ቀን ራሴን አስጨንቄ በሰባተኛው ቀን ክፍያ ጠየቅሁ። ሁለታችንም ጥንካሬን ከመጨከን ጋር አምታተናል። ከመጠን በላይ የጨከነ ሰው ደግሞ ነፍሱ ዕዳዋን ከነወለዱ ታስከፍለዋለች።

ስለዚህ እኔ የደረስኩበት መልስ ይህ ነው፦ የደስታ ቀን ይፈቀድ፤ ነገር ግን ፈቃድ ከስርቆት የሚለይባቸው ምልክቶች አሉትና እነርሱን እንመልከት። ዒድን የሚያመጣው ጨረቃ ነው፤ ዛሬ ስላማረኝ ዛሬ ዒድ ይሁን ማለት አልችልም። ስርቆት ግን ቀኑን የሚቆርጠው አምሮት ነው። ዒድ በአደባባይ ነው፣ ከዘመድ ከጎረቤት ጋር ይበላል። ስርቆት በጨለማ፣ ብቻን ነው። ዒድ ማለቂያ አለው፤ ሸዋል 2 ሲነጋ ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል። ስርቆት «ነገ እጀምራለሁ» እያለ ይራዘማል። ከሁሉም በላይ ፈቃድ አካልን አይጎዳም። ለጤናማ ሰው አንድ ቀን ጠግቦ መብላት ጉዳት የለውም፤ ለስኳር ሕመምተኛ ግን በሌላው ቀን መጠንቀቁ የዒድን ቀን አደጋ አያስቀርለትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ለአያቶቻችን የበዓል ቀን ሰፊ ትርጉም ነበረው፤ ምክንያቱም የአዘቦት ማዕዳቸው ቀጭን ነበር። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በገጠር ቤት ስኳር የዘወትር ነገር አልነበረም። ዛሬ በከተማ የምንኖረው ሰዎች በየቀኑ የምንጠጣው ሻይና ለስላሳ የአያቶቻችንን የበዓል ጣፋጭ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር በቀን ከ25 ግራም፣ ማለትም ከስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ ቢያንስ ለጤና የተሻለ መሆኑን ገልጿል። በቀን አራት ሻይ በሦስት በሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው የዚህን እጥፍ ወስዷል ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ ዒድ የሆነለት ሰው በዒድ ቀን ምን ይጨመርለታል? ነፃ ቀን ከመጠየቃችን በፊት የአዘቦቱን ቀን አዘቦት እናድርገው።

አንዳንድ ወንድሞች «ፆም ኢባዳ ነው፣ ክብደት መቀነስ ደግሞ ዓለማዊ ነገር፤ ለምን ታገናኛለህ?» ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ ኒያቸው የተለያየ ነው፣ አንዱ በሌላው አይተካም። ሆኖም የሚፆመውም የሚበላውም አካል አንድ ነው፤ ሐቁም አንድ ነው።

ወደ አርቦዬ ልመለስ። በተከታዩ ዓመት ረመዷን ሳይገባ ሁለት ወር ሲቀረው አባቴን ይዘን ወደ ሐኪሙ ሄድን። የስኳር ሕመምተኞች ከረመዷን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አስቀድመው እንዲመረመሩ የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን መመሪያም ይመክራል። ሐኪሙ እንደ አምናው አትፁም አለው። ቀጥለን የሚያምናቸውን ሼህ ጠየቅን። ሼሁ በእርጋታ አዳምጠው ይድናል ተብሎ የማይጠበቅ ሕመም ያለበት ሰው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሚስኪን እንደሚያበላ አስረዱት። «የአላህን ስጦታ መመለስ ጀግንነት አይደለም» ብለው ጨመሩለት። አባቴ ለረዥም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ፊድያውን ከፈለ፤ በዚያ ረመዷን በእርሱ ስም ሠላሳ ጊዜ ሚስኪን በላ።

ለዒድ ደግሞ እኛ ተለወጥን። ዘብ መቆማችንን ተውን። በሐኪሙ ምክር የተለካ ትንሽ ጭኮ በሰሃን አድርገን፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ መጀመሪያ ለእርሱ አቀረብንለት። ሻይ ያለ ስኳር እንደሚጠጣም ለጎረቤቶቻችን አስቀድመን ነገርናቸው። አንዳቸውም አልተቀየሙም። አባቴ ቢስሚላህ ብሎ ጥቂት ጥቂት እየቆነጠረ በላና የተረፈውን ለእህቴ ልጅ አቀበለው። «አባ፣ በቃዎት እንዴ?» አልኩት። «አዎ» አለኝ፤ «ያኔ በሌሊት የበላሁት እኮ ጣዕሙን እንኳ አላስታውሰውም።»

ውድ አንባቢያን፣ እናንተም በየቤታችሁ ጨው፣ ቅባት ወይም ስኳር የተከለከለ አባት፣ እናት፣ አያት ይኖራችኋል። ሰሃኑን ከፊታቸው ከማንሳታችሁ በፊት ወደ ጓዳ እየገፋችኋቸው እንዳይሆን አስቡ። ራሳችሁም ነፃ ቀን ስትፈልጉ በሰው ፊት ልትበሉት የማታፍሩትን፣ ሲነጋም የማትጸጸቱበትን ምረጡ። የሕመምተኛውን ልክ ሐኪሙ ይንገራችሁ።

አላህ አካላችንን የአማና ጠባቂዎች ያድርገን። ወላሁ አዕለም።