በካርድ ቀን ስማቸው ስለማይጠራ ልጆች



በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 እንደምናነበው፥ አምስት መክሊት የተቀበለው አገልጋይ ሌላ አምስት አተረፈ፤ ሁለት የተቀበለውም ሌላ ሁለት። ጌታቸው ሲመለስ ተቆጣጠራቸው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ አሥር ይዞ የቀረበውም አራት ይዞ የቀረበውም የሰሙት የምስጋና ቃል አንድ ነው።

በእኛ በወረታ ሰኔ ሲያልቅ፥ ርብና ጉማራ መሙላት ሲጀምሩ፥ በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ካርድ ይሰጣል። ከየክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ይጠራሉ፤ ደብተርና እስክርቢቶ ይሸለማሉ፤ ይጨበጨብላቸዋል። መልካም ነው፤ ደክመውበታል። ነገር ግን በመስከረም ፊደል የማይለይ የነበረ፥ ዛሬ አንድ ገጽ ሙሉ የሚያነብ፥ ደረጃው ግን ሠላሳ አንደኛ የሆነ ልጅስ? ሁለቱን አራት ያደረገ እርሱ አይደለምን? ካርዱን አጥፎ ኪሱ ከትቶ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሰነፍ ይመስገን ማለቴ አይደለም፤ መክሊቱን የቀበረው ተወቅሷል። ካርዱ እውነቱን ይናገር።

በየኔታ ዘንድ ልጅ ዳዊት ሲጨርስ ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ደግሰው ጎረቤት ይጠሩ ነበር፤ መምህሩም ይመርቁታል። ከጓደኛው ቢዘገይም የደስታው ቀን አይቀርበትም። ዛሬ ከተማ ለከተማ የተዛመተው ግን የሕፃናት «ምረቃ» ነው፤ ጋውን፥ ኬክ፥ ፎቶግራፍ። ይህ ሁሉ ወጪ ጎተራ በሚጎድልበት በሰኔ!

ለፎገራ ልጅ ነገሩ ከክብርም ያልፋል። ሩዝ በ1970ዎቹ ወደ ሜዳችን ከገባ ወዲህ ክረምቱ የሩዝ አረም ወራት ነው። ጉልበቱ በማሳው የሚፈለግ ልጅ፥ ትምህርት ቤቱ ስሙን ካልጠራው በመስከረም ስለ ምን ይመለሳል? ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ዓመቱን ጨርሶ ሰኔ መድረስ ራሱ ምስጋና የሚገባው ሆኗል።

ስለዚህ በካርድ ቀን እያንዳንዱ ልጅ በስሙ ይጠራ፤ መምህሩም ስለ እርሱ አንድ እውነተኛ ነገር ይናገር። አንዱ ጭቃና ጎርፍ ሳያስቀረው የመጣ ነው፤ አንዷ ታናናሾቿን ያስጠናች፤ ሌላው ማካፈል በመጨረሻ የገባው። ገንዘብ አያስወጣም፤ ጊዜ ይወስዳል፤ ይውሰድ። በአንድ ወንበር የክርስቲያንም የሙስሊምም ልጅ ይቀመጣልና፥ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላልና፥ መዝሙራችንን ለእሑድ እናቆየው።

የእኛስ ድርሻ? በዚያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የየሰፈራችንን ተማሪዎች ስም እንጻፍ። የመስከረም ምዝገባ ሳያልፍ ሁለት ሁለት እየሆንን በየቤታቸው እንሂድ፤ ወላጆቻቸውንም እንለምን። ደብተር ያጣ ካለ፥ የሙስሊም ጎረቤታችን ልጅም ቢሆን፥ ከየኪሳችን አዋጥተን እንግዛለት።